ከዘራ ያልነካው ፍራሽ

አላህ ይዘንላቸውና አያቴ ማንንም በቀላሉ አያምኑም ነበር። ጂምናስቲክ ልጀምር ስል አሰልጣኙንም አዳራሹንም ጠረጠሩ፤ ከሁሉ የባሰው ግን በፍራሹ ላይ የነበራቸው ጥርጣሬ ነው። ከሰፈራችን ከቧንቧ ውሃ ፒያሳ ድረስ በባጃጅ አብረውኝ ይመጡና፣ ከመገልበጤ በፊት የፍራሾቹን መጋጠሚያ በከዘራቸው ጫን ጫን እያደረጉ ይዞራሉ።

"ወላሂ፣ ይቺ ክፍተት እግር ትይዛለች" ይላሉ።

"አባባ፣ አዲስ ፍራሽ እኮ ነው" ይላቸዋል አሰልጣኙ።

"አዲስ ስለሆነ ነው የማላምነው።"

ዙረታቸውን ሳይጨርሱ ዱዓ አያደርጉልኝም። ሲጨርሱ ጥግ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጠው እጃቸውን ይዘረጋሉ፤ ያኔ እገለበጣለሁ። ጓደኞቼ ሲስቁ እኔ አፍር ነበር።

እሳቸው ካረፉ በኋላ ኮምቦልቻ ለውድድር ሄድኩ። ስሜ ተጠራ። ፍራሹ ሰማያዊ ነው፣ ደህና ይመስላል። እኔ ግን አላመንኩትም፤ ማንም አልነካውማ።

"ጀምሪ እንጂ" አለችኝ ዳኛዋ።

ተንበርክኬ መጋጠሚያውን ከዳር እስከ ዳር በመዳፌ ተጫንኩት። ምንም ክፍተት የለውም። ተነስቼ ቆምኩና፣ ወደ ጥግ ዞሬ ዱዓውን ጠበቅኩ።