የእናኑ ወንፈል

ይህን ለነፍስ አባቴ እንኳ አልነገርሁም። በየጾሙ ፊታቸው ተንበርክኬ ተቆጣሁ፣ ተሳደብሁ፣ ጾም ገደፍሁ እያልሁ ትንንሹን ስለቅም፣ ትልቁን ሳልፈው ሰባት ዓመት ሆነኝ። አሁን ግን መቀመጥም መተኛትም አቃተኝ። እርስዎ የሚያነቡት፣ ጽሑፌ ቢንጋደድ ይታገሡኝ፤ ከመሠረተ ትምህርት ያለፈ አልተማርሁም።

ልጄ እናኑ አሥራ ሁለተኛን ጨርሳ ከደብረ ማርቆስ ወደ ቤት የተመለሰች ጊዜ ነው። እናቷ ካረፈች ወዲያ እኔና እሷ ብቻ ነን። በስልክ የሚገናኙ፣ መጻፍ የሚወዱ ልጆች ኅዳር በገባ በአንድ ወር ውስጥ እያንዳንዳቸው አንድ ልብ ወለድ ሊጨርሱ እንደ ተማማሉ ነገረችኝ። «አባባ፣ ኅዳርን ብቻ ይልቀቁልኝ» አለች። ኅዳር ለኛ ስንዴው የሚታጨድበት፣ ጤፉ የሚደርስበት ወር ነው። እንዴት ይለቀቃል? እሷ ግን አስባበታለች።

መስከረም ሳይወጣ መዘጋጀት ጀመረች። ደብተር ገዝታ በየገጹ አናት ኅዳር አንድ፣ ኅዳር ሁለት እያለች እስከ ሠላሳ ጻፈች፤ ከሥሩም የዚያን ቀን ነገር በሁለት በሦስት ቃል አኖረች። ለታሪኩ ሰዎች ስም አወጣችላቸው። ጥቅምትን ሙሉ ደግሞ ወንፈል ገባች። ወንፈል ዛሬ እኔ ላንተ ብሠራ፣ ነገ አንተ ለኔ የምትሠራው ነው። የጎረቤታችንን የአለልኝን ገብስ አጨደች፣ የሌሎቹን ጎረቤቶች ባቄላ ነቀለች፤ እነሱ ደግሞ በኅዳር የኛን ስንዴና ጤፍ ሊያነሡላት። መዳፏ ውሃ ቋጥሮ ትመለስና፣ «አባባ፣ ይኸ ሁሉ ምዕራፍ አንድ ነው» ብላ ትስቃለች።

በጥቅምት መጨረሻ አንድ እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ ከወይራው ሥር ተቀምጠናል። አለልኝ የልጅነት ጓደኛዬ ነው፤ ቀልድ አያልቅበትም። «አያ ካሴ፣ ዘንድሮስ ጌታ ሆነሃል። ልጅህ ወንበር ላይ ትቀመጥ፣ እኛ እንጨድላት» አለኝ።

ሌላው ተቀበለና፣ «ተወው፣ ስንዴውን በእስክርቢቶ ትውቃዋለች» አለ።

ሳቁ። ክፋት አልነበረበትም፤ ሊመጡልን ማጭዳቸውን ስለው የተዘጋጁ ሰዎች ናቸው። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። «የምን ወንፈል?» አልሁ። «ልጄ ለጽድቅ ነው የሠራችላችሁ። እናንተ የራሳችሁን እጨዱ፤ የኛን እኛ እንችላለን።»

ከዚያ አለልኝ ተነሥቶ ባርኔጣውን አወለቀ። «እግዜር ይስጥልን። እንዲህ ያለ አባት ያብዛልን» ብሎ መረቀኝ። ሁሉም አሜን አሉ። እኔም አሜን አልሁ። የልጄን ጉልበት ሰጥቼ ምርቃቱን እኔ ወሰድሁ። አሜን ስል ምላሴ እንዴት አልተሳሰረም?

ቤት ገብቼስ እውነቱን ተናገርሁ? «ሰዎቹ ዘንድሮ አይመቸንም ብለዋል» አልኋት። ያን ቃል እኔ ተናገርሁት። ሰይጣን አይደለም፣ እርጅና አይደለም፣ እኔ ነኝ።

እናኑ፣ «አለልኝም?» አለች።

«አለልኝም» አልሁ።

ኅዳርን አጨደች። ወገቤ ቀኑን ሙሉ ማጎንበስ አይችልም፤ እሷ ታጭዳለች፣ እኔ ነዶ እሰበስባለሁ። ስትገባ ደብተሩን ትከፍትና ጥቂት ሳትቆይ ራሷ ገጹ ላይ ይወድቃል። ደብተሩ ዛሬም እኔ ዘንድ አለ። ኅዳር አንድ ላይ አራት መስመር፣ ኅዳር ሁለት ላይ አንድ መስመር ተጽፏል። ከዚያ ወዲያ ባዶ ነው። የአለልኝንም ደጅ ዳግመኛ አልረገጠችም። እሱ «ልጅህ ምነው ኮራችብን?» ሲለኝ፣ «የከተማ ትምህርት ነው» ብዬ አለፍሁ። እሱንም ዋሸሁት።

አሁን እናኑ አማኑኤል ከተማ አግብታ ሁለት ልጅ ወልዳለች። ባለፈው ሳምንት ደወለች። በዘንድሮው ኅዳር ልትጽፍ ነው። «በርበሬውንም ሽሮውንም ከወዲሁ አስፈጭቻለሁ» አለችኝ። «የባሌ እኅት ወሩን ልጆቹን ልያዝልሽ ብትለኝ እምቢ አልኋት። ሰው አምኜ አይቼዋለሁ።» እንግዲህ እኔ ያስተማርኋት ትምህርት ይኸ ነው። ስልኩ ከተዘጋ ወዲህ ከደጅ ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ ደጅ እላለሁ፤ የያዝሁትን እጥላለሁ፣ የጣልሁትን እፈልጋለሁ።

ለቅዳሜ ና ብዬ አለልኝን ጠርቼዋለሁ። እናኑም ትመጣለች። ይኸን ወረቀት በሁለቱ ፊት አነበዋለሁ። እሷ አለልኝን ሰላም ትበለው፤ ልጆቿንም አምና የምትሰጠው ሰው ታግኝ። መጨረሻው ላይ ይቅር በሉኝ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ ተውሁት። ሁለቱም ደጋግ ናቸው፤ ይቅር በሉኝ ካልሁ ይቅር ይሉኛል፣ እኔም እንደገና ተመርቄ እገባለሁ። አንድ ጊዜ የወሰድሁት ይበቃኛል።

እርስዎም አደራ፣ አይመርቁኝ።