በእትዬ በለጡ ሻሽ ሥር

ክብሪት በተጫረ ቁጥር አፍንጫዬን የሚመታኝ የድኝ ሽታ ዛሬም ሐረር ፈላና በር አጠገብ ወደነበረው ቤታችን ይመልሰኛል፣ እማዬም እጅጌዋን ሰብስባ፣ ድኝ በቅቤ ለውሳ፣ ጥርሷን ነክሳ ክርኗን ስትቀባ አያታለሁ። ሽታው ከናፍቆት ይልቅ ንዴት ይዞብኝ ነው የሚመጣው።

ክረምት ሲገባና ፀሐይ ደመና ውስጥ ስትሰነብት የእማዬ ክርንና ጉልበት ይቀላና ነጭ ቅርፊት ያወጣ ነበር። ድኙን ጊደር መጋላ ገበያ ከአንዲት ሐረሪ አሮጊት እገዛ ነበር፤ እሳቸውም በወረቀት ጠቅልለው ሲሰጡኝ «አላህ ያሽርላት» ከማለት ሌላ ምንም ጠይቀውኝ አያውቁም። የአባዬ ታላቅ እህት እትዬ በለጡ ግን ቤታችን ስትመጣ የራሷን ብርጭቆ በከረጢት ይዛ ነበር የምትመጣው። በፊቷ «እርስዎ» እላት ነበር፤ አሁን ሞታለችና ያንን አክብሮት ነፍጌያታለሁ።

በአሥር ዓመቴ፣ የሶማሊያው ጦርነት አልፎ ሐረር ትንፋሿን በመለሰችበት ክረምት፣ ሹሩባዋን እንድፈታላት አስጠራችኝ። እትዬ በለጡን ያለ ሻሽ ያየ ሰው አልነበረም። ሻሹን ሳወርድ ከጆሮዋ ኋላ እስከ ማጅራቷ ያው የእማዬ ክርን ላይ ያለው ነጭ ቅርፊት ተጋግሮ አየሁ።

«ፎረፎር ነው። ለማንም ብትተነፍሺ ምላስሽን ነው የምቆርጠው!» አለችኝ፣ እኔም ፈርቼ ዝም አልኩ።

መስከረም ጠብቶ ፀሐይ ስትመለስ የእማዬም ገላ ይመለስ ነበር። በዚያ ዓመት ደስታችን እጥፍ ነበር፤ ከጎጃም ተመድቦ የመጣ አንድ መምህር እህቴን አልማዝን ለማግባት ሽማግሌ ልኮ ነበርና እሷም ልብስ ስታጥብ ሳይቀር ታንጎራጉር ነበር። ሽማግሌዎቹ እንደ ወጉ አጥንታችንን ሊያስቆጥሩ፣ ሰባት ቤት ወደ ኋላ ቁምጥና መኖር አለመኖሩን ሊያጣሩ፣ ዘመድ ብለው የጠየቁት እትዬ በለጡን ነበር። «የወንድሜ አጥንት ንጹሕ ነው፤ የሚስቱን ግን በክረምት ክርኗን ያየ ይፍረድ» አለቻቸው። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይህ ነው። ሽማግሌዎቹ በዚያው ቀሩ፣ አልማዝም ሦስት ቀን እህል አልቀመሰችም።

አባዬ ተስፋ አልቆረጠም። እማዬን ሆስፒታል ወስዶ፣ በሽታው ቁምጥና እንዳልሆነና ከሰው ወደ ሰው እንደማይጋባ የሚመሰክር ወረቀት አጽፎ፣ ከሽማግሌዎቹ ጋር እንደገና ለመነጋገር ቀጠሮ ያዘ። ቀጠሮው ሳይደርስ ግን እነዚያው ሽማግሌዎች ለዚያው መምህር የእትዬ በለጡን ልጅ ሊጠይቁ እንደሚመጡ ሰማን። ለካስ ነገሩ ሁሉ ለዚህ ኖሯል! እኔን ከዚያ በኋላ የአባዬ ወረቀት አልበቃኝም፤ እትዬ በለጡ ስትዋረድ ማየት ነበር የምፈልገው።

በጥር ሽማግሌዎቹ እቤቷ ሲቀመጡ እጅ እንዳስታጥብ ተጠራሁ። ሁሉንም በሥርዓት አስታጥቤ ስጨርስ ከጉያዬ የእማዬን የድኝ ቆርቆሮ አወጣሁና «እትዬ፣ ድኙን አምጥቼልዎታለሁ» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ፤ «እማዬ ለክርኗ የምትቀባው ነው፣ ለራስዎ ቅርፊት ይሆንዎታል።» «አንቺ ባለጌ!» ብላ ስትወረወርብኝ የሻሿን ጫፍ ይዤ ጎተትኩት፣ ቅርፊቱም በጥቁር ሹራቧ ላይ ረገፈ። እውነቱን ልናገርና፣ በሕይወቴ እንደዚያ የጣፈጠኝ ነገር የለም።

ትልቁ ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አንስተው ቆሙ። «እኛ ነውሩ በእናቲቱ ወገን ብቻ መስሎን ነበር» አሉ ለጓደኞቻቸው፤ «እህቲቱ እንዲህ ከሆነች የወንድሟስ አጥንት የት ይሄዳል? ይህን ዘር ተዉት።» የእትዬ በለጡ አጥንት የአባዬ፣ የአባዬም አጥንት የአልማዝ መሆኑ የገባኝ ያኔ ነው። ጉድጓድ ስትቆፍር አታርቀው፣ ማን እንደሚገባበት አታውቀውምና። የአባዬን ወረቀት የሚያነብለት ጠፋ፣ መምህሩም በዓመቱ ተዛውሮ ሄደ።

ዛሬ ያው ቅርፊት በእኔ ክርን ላይ ወጥቷል። ሐኪሙ ስሙ ሶሪያሲስ መሆኑን ነግሮኝ ከቤተሰብ ማን እንዳለበት ሲጠይቀኝ፣ ከእናቴም አስቀድሜ የጠራሁት የእትዬ በለጡን ስም ነው። በዘር የሚወረሰው በሽታው ራሱ ሳይሆን ተጋላጭነቱ እንደሆነ፣ ከአንድ ማሕፀን ከወጡ እህትማማቾች አንዷን ይዞ ሌላዋን ሊተዋት እንደሚችል አስረዳኝ። ያኔ ሽማግሌዎቹ ዘራችንን የጠየቁት ሊጥሉን ነበር፤ እሱ ግን ጠይቆኝ ሲጨርስ መድኃኒት ጻፈልኝ።

እኔ ድሬዳዋ ሄጄ፣ አጥንት የማይቆጥር ሰው አግብቼ ወልጃለሁ። አልማዝ አላገባችም፤ ፀጉሯ እስኪሸብት ድረስ ገላዋ ላይ አንዲት ቅርፊት ወጥታ አታውቅም። በእትዬ በለጡ ላይ ባደረግሁት ዛሬም አልጸጸትም። አልማዝ ግን አንድ ቀን እንኳ «ምነው ያን ጊዜ ዝም ባልሽ» ብላኝ አታውቅም፤ ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።