ዛፍ የሚቆርጡት ሴት

ሴትየዋ ሊፈቱት የተነሱት ችግር ይህ ነው፤ ከአሬሮ ከተማ በታች ያለውን የጥጆቻቸውን ግጦሽ እሾሃማ ቁጥቋጦ ወርሮት ሣሩ ጠፍቷል። ስናገኛቸው የሣር ዘር በሻሻቸው ጫፍ ቋጥረው መጥረቢያ ያነሳሉ። መጥረቢያው የወንድ ነው፤ እጀታው ግን ለእሳቸው ቁመት እንዲሆን አጥሯል።

አብሮኝ የመጣው የወረዳው የደን ባለሙያ፣ «እማማ፣ ዛፍ አይቆረጥም፤ አገሩ በረሃ ይሆናል» አላቸው።

«አካም፣ ናጋ?» አሉት፤ ሰላምታ ሳይሰጥ በመጀመሩ እያፈሩለት። «ደጋ ነው ያደግኸው ልጄ? ሣር ያለበት ሁሉ ባዶ መሬት ይመስልሃል።»

ልክ ናቸው፤ ነገሩም ድንቅ ነው! እዚህ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ፣ ለአጭር ጊዜ ይጥላል። በመካከል ያለውን ድርቅ ሣሩ በሥሩ በሕይወት ቆይቶ ያልፈዋል። ቁጥቋጦውን ደግሞ እረኞች የሚለኩሱት እሳት ይገታው ነበር። ማቃጠል ከተከለከለ ወዲህ ግን የሚያቆመው ጠፋ፤ ጥላውም ሣሩን አፈነው።

«የእሳቱን ፈቃድ ስጠኝ፤ አለዚያ ከፊቴ ዞር በል» አሉት።

ባለሙያው ዞር አለ።

ዝናቡ ሳይገባ ለአምስት ጥጃ የሚበቃ መሬት ጠርገው ዘሩን ሊበትኑ ይፈልጋሉ። እስካሁን የጠረጉት ለሁለት ይበቃል። አሁን የሦስተኛውን ድርሻ እየቆረጡ ነው።