የኔታ የተሳለሙት ደጅ

ውሻ ታማኝ ነው ይባላል። ውሸት ነው። ውሻ ለሆዱ ያደረ እንስሳ ነው። ይህን የምለው ውሻ ጠልቼ አይደለም፤ ያ ውዳሴ በጣሊያን ጊዜ ቡሬ ላይ አንድ ዓይነ ስውር መምህር ሊያስገድል ጥቂት ቀርቶት ስለነበር ነው።

የኔታ የቅኔ መምህር ነበሩ። ጣሊያን መንደራቸውን ሲያቃጥል ተማሪዎቻቸው ገሚሱ ጫካ ገባ፣ ገሚሱ ተበተነ፤ እሳቸውን መርቶ ቡሬ ያደረሳቸው አንድ ቡላ ውሻ ነው። አንገቱ ላይ ጠፍር አስረው ጫፉን ይዘው ይሄዳሉ። ጉድጓድ ሲያይ ይቆማል፣ በቅሎ ሲመጣ ወደ ዳር ይስባቸዋል፣ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ሲደርስ ይቀመጣል። ያን ጊዜ ጎንበስ ብለው ይሳለማሉ፤ እሱ ውጭ ይጠብቃል። ይህን ሁሉ ያስተማሩት ራሳቸው ናቸው።

ዐቢይ ጾም በገባ በሁለተኛው ሳምንት ወሬ ተነሣ። የኔታ እኩለ ቀን ላይ ለቅዳሴ ሲሄዱ ጣሊያን ምሽግ በር ላይ፣ ባንዲራው ሥር ይሰግዳሉ ተባለ። ወሬው ጫካ ደረሰ። ከቡሬ ወሬ አቀብላቸው ነበርና የአርበኞቹ አለቃ አስጠራኝ።

«ተከታተለው። ባንዳ ከሆነ እሑድን አያይም።»

ተከተልሁ። እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ያን ጊዜ የገዛ ወንድሙን የማይጠረጥር አልነበረም። ስድስት ሰዓት ሲሆን ምሽጉ ውስጥ የተንጠለጠለ ብረት ተደበደበ፤ የወታደሮቹ የምሳ ጥሪ ነው። ውሻው ከመንገዱ ታጠፈና በሩ ላይ ተቀመጠ። የኔታ ጎንበስ አሉ። ወጥ ሠሪው ብቅ ብሎ አጥንት ወረወረ።

ገባኝ። በጾም የኔታ ቤት አጥንት የለም። ጣሊያን ግን አይጾምም።

ራቅ ካልን በኋላ «የኔታ፣ አሁን ማንን ተሳለሙ?» አልሁ።

«የመንገዱን ቤተ ክርስቲያን ነዋ። ደወሉን አልሰማህም?»

«የጣሊያን ምሽግ ነው እኮ!»

ፊታቸው ዐመድ መሰለ። «ሁለት ሳምንት ሙሉ?» አሉና ውሻውን በጠፍሩ ጫፍ ቸብ አደረጉት። «አንተ ከሃዲ፣ ስግደቴን ባጥንት ሸጥኸው?»

ለአለቃው ነገርሁ። አላመነኝም። «ውሻ ጌታውን አያሳስትም። ሰውየው አዝዞት ነው» አለ። ይኸው ውዳሴው! ውሻው ታማኝ ይሁን ተብሎ ሰው ሊሞት ነው።

ከምሽጉ ጀርባ አጥንት ለቅሜ በነጠላዬ ጠቀለልሁ። የኔታን፣ ጫካ ውስጥ የተሰደደ ታቦት አለ፣ ይሳለሙ ብዬ ዋሸኋቸው። አጥንቱን ለአለቃው ሰጠሁት፤ በጾም ቢጠየፈውም ያዘው። ራቅ ብዬ እንደ ምሽጉ ብረት ማረሻ በድንጋይ ደበደብሁ። ውሻው የኔታን እየሳበ ሄዶ አለቃው ፊት ቁጭ አለ። የኔታም ጎንበስ ብለው ባዶ ጉልበቱን ሳሙ።

«ምነው፣ የዚህ ደጅ መቃን ጠጉር አበቀለ?»

አርበኞቹ በሳቅ ወደቁ። አለቃው አልሳቀም። «ይሂዱ» አላቸው። ወደ እኔ ዞሮ «ከውሻው ላይ ግን ዓይንህን እንዳትነቅል» አለኝ።

አልነቀልሁም። ሌላ መሪ እንዲፈልጉ ብመክራቸውም የኔታ እምቢ አሉ። «ዓይኔ ነው። የአንተስ ዓይን አጥንት አያምረውም?» ከዚያ ወዲያ በጾም ከጉርሳቸው ግማሹን ለሱ ይቆርሱ ነበር። ጣሊያን እስኪወጣ ድረስ መራቸው፤ አንድ ቀን እንኳ ጉድጓድ ውስጥ አልጣላቸውም። ይህን ሥራ አከብራለሁ።

እንግዲህ አንባቢ፣ ሰው የሚመራ ውሻ ስታይ ታማኝነቱን አታወድስ። አጥንትም አትወርውርለት። ሥራ ላይ ነው፤ ተወው።