የቤቱ ሰዎች ተኝተዋል

ይህ የሆነው የየመን ጦርነት ድምፅ ጂዛን ድረስ ይሰማ በነበረበት ጊዜ ነው። ብዙ ዓመት አልፎታል። ረስቼው አላውቅም፤ ግን ሰው ካላነሳው አላነሳውም ነበር። ባለፈው ሰሞን የልጅ ልጄ ሐያት ከስልኳ ላይ አንድ ነገር አነበበችልኝና ከዚያ ወዲህ ከሆዴ አልወጣ ስላለኝ ልጽፈው ተቀመጥኩ። ትምህርት ቤት ገብቼ አላውቅም። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፤ ጽሑፌ ቢንገዳገድ ታገሱኝ።

የከሚሴ ሰው ነኝ። ልጄ ዘይነባና ባሏ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ ማለቴ ነው፣ ይዘው አረብ አገር፣ እዚያው ጂዛን አካባቢ ይሠሩ ነበር። እሱ እርሻ ላይ፣ እሷ ልብስ ስፌት ቤት። መጀመሪያ የተቀመጡት አል-ሙወሰም ነው፤ ከየመን ድንበር ቅርብ ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ፍንዳታው መስኮታቸውን ያንቀጠቅጠው ነበር። ኋላ ድንበሩን ሸሽተው ሳብያ ገቡ። ሳብያ ትልቅ የገበያ ከተማ ናት፣ ሰላም ናት። ድምፁ ግን ከልጃቸው ጋር አብሮ ሸሸ።

ልጃቸው ይህችው ሐያት ናት። ያኔ ገና መሮጥ መጀመሯ ነው። በር ሲዘጋ ትጮሃለች፣ ድስት ሲወድቅ ትጮሃለች። እንቅልፍ የሚባል ነገር የላትም፤ ሸለብ ያደርጋትና ደንግጣ ትነሳለች። ከዓይኗ ሥር የትልቅ ሰው ጥቁረት ነበራት። ሐኪሙ ጸጥ ያለ ቦታ ውሰዷት አለ። ስለዚህ በዚያራ፣ ማለት በዘመድ ጥየቃ ቪዛ፣ እኔን አስመጡኝ፤ ልጅቷን ይዤ አገሬ ልገባ፣ እነሱ ውላቸው እስኪያልቅ እዚያው ሊቆዩ።

የምንሄድ ዕለት አባቷ ከፊሉ፣ አሠሪው ማለቴ ነው፣ አልለቀውም ብሎ ሳብያ ላይ ተሰናበተን። እኔና ዘይነባ ልጅቷን ይዘን በጠዋት ጂዛን አውሮፕላን ማረፊያ ደረስን። ቦታው ሰው በሰው ሆኗል። በዚያ ጊዜ ሰማዩ ላይ ከየመን የተተኮሰ ነገር አለ ከተባለ አውሮፕላን አይነሳም። የጂዳው በረራ ወደ ከሰዓት፣ ከአስር ሶላት በኋላ ተዛወረ አሉን። የእኔ ዚያራ ደግሞ ሊያልቅ ነው። ይህ ካመለጠን የሚቀጥለው መቼ እንደሚነሳ የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ድምፅ ማጉያው በጮኸ ቁጥር ሐያት አንገቴ ሥር ትወሸቃለች። ይህን ያየች ዘይነባ፣ «እማ፣ እዚህ ከምንጨናነቅ ወጣ ብለን አገሩን እንይ» አለችኝ። «ጂዛን ከርማ ባሕሩን ሳታይ መጣች ብለው ከሚሴ እንዳይስቁብሽ።» ሻንጣችንን ለአንዲት ወረፋ ለያዘች የደሴ ሴት አደራ ብለን ታክሲ ያዝን።

መጀመሪያ ያየነው ኮረብታ ላይ ያለውን የድሮ ምሽግ ነው። የቱርኮች ነበር አሉ። በሩ ተቆልፏል።

«ታዲያ ምኑ ነው የሚታየው?» አልኳት።

«ከውጭ ነው የሚታየው።»

ድንጋይ ለማየትስ ከከሚሴ መምጣት አያስፈልግም። ግን ከዚያ ሆኖ ከተማውና መርከቦቹ በሙሉ ይታያሉ፤ እሱን አልዋሽም። ቀጥለን ዓሣ ገበያ ወረድን። እኔ ደግሞ ያለፈውን ያገደመውን ሰላም ማለት ልማዴ ነው።

«እማ፣ ዓሣ ሻጩን ሰላም አትበዪው፣ ሊመዝንልሽ ነው።»

«ሰላምታም ይመዘናል?»

«እዚህ ይመዘናል።»

አንዱ ሽማግሌ ሻጭ ግን ምንም ሳይመዝን ለሐያት ዛጎል ሰጣት። ከዚያ ባሕሩ ዳር ሄድን። ነፋሱ ሞቃት ነው፣ ከንፈር ላይ ጨው ይተዋል። ውሃው ግን፣ ወላሂ፣ ዓይን አያደርሰውም። ዘይነባ በእጇ አመልክታ «ከዚያ ማዶ ነው የኛ አገር» አለችኝ። ስንቱ ልጃችን በጀልባ ያቋረጠው ውሃ ነው ብዬ አየሁት።

ዙህር፣ የቀትሩ ሶላት፣ ሲደርስ ዘይነባ ተነሳች። «እኔ ተመልሼ የበረራውን ነገር ልጠይቅ። እማ፣ ከዚህ ዛፍ ሥር ንቅንቅ እንዳትዪ።»

«ወዴት እሄዳለሁ?»

«አውቅሻለሁ። ሰርግ ቤት ብለሽ ወጥተሽ ሐይቅ ከተማ የተገኘሽ ሴት ነሽ።»

ሳቅን። እሷም ሄደች። ስልክ የለኝም፤ ዛፉ ብቻ ነው ምልክታችን።

ብዙም አልቆየን፣ አጠገባችን ያለው መንገድ ላይ የጭነት መኪና ጎማ ፈነዳ። ሐያት እንዲያ ስትጮህ ሰምቻት አላውቅም። ገላዋ ደርቆ እንጨት ሆነ። አቅፌያት ተነሳሁ፤ ከመንገዱ ልራቅላት ብዬ እንጂ መሄዴንም ልብ አላልኩት። አንድ ክፍት በር አገኘሁና ገባሁ። ግቢ ነው። ሰው የለም። ከሌሎች ጎጆዎች መሐል ትልቁ ጎጆ ቤት ፊት ለፊቴ ቆሟል።

የኛው ጎጆ ነው። ክብ፣ ክዳኑ ሣር፣ ጫፉ ሾጠጥ ያለ። በዚያ ሁሉ የሲሚንቶ ቤት መሐል እንዲህ ያለ ነገር ሳይ እግሬ ራሱ ወሰደኝ። ደጁ ላይ ቆሜ «ቤቶች!» አልኩ። ዝም። «አሰላሙ አለይኩም» አልኩ። ዝም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል።

በኛ አገር ባለቤቱ ባይኖርም መንገደኛ ገባ ብሎ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ ይጠብቃል፤ ነውር የለበትም። ጫማዬን አወለቅኩ፣ የሐያትንም አወለቅኩና ጎን ለጎን ደጅ ላይ አስቀመጥኩ፤ ገብቼ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩ። ግድግዳው በቀለም አጊጧል፣ ከላይ እስከ ታች ሳህን ተሰቅሎበታል። ከፍ ያለ የገመድ አልጋ አለ። ባለሙያ ሴት ያለችበት ቤት ነው አልኩ በሆዴ። ጥግ ላይ ያለውን እንስራ ሳየው ደረቅ ነው። ይኸው፣ ውሃ ልትቀዳ ሄዳለች አልኩ።

የሣር ቤት ድምፅ ይውጣል። የመንገዱ ጩኸት እዚያ አይገባም። ሐያት ሽቅብ ክዳኑን እያየች እያየች ልቅሶዋ ቀነሰ፣ ጣቶቿ ከአንገቴ ላላ አሉ። ከዚያ ከባድ እንቅልፍ ወሰዳት። አፏን ከፍታ፣ ትንፋሿ ረጅም ሆኖ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲያ ስትተኛ አይቻት አላውቅም። ልነቃነቅ ፈራሁ። ባለቤቷ እስክትመጣ ዓይኔን ጨፈን ላድርግ ብዬ ግድግዳውን ተደገፍኩ።

ስነቃ ደጁ ላይ የገባው ፀሐይ ቦታ ቀይሯል። አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶን በሩ ላይ ተቀምጧል፤ ከዘራውን ደጁ ላይ አጋድሞታል። ዞር ብሎ አየኝና ጣቱን አፉ ላይ አደረገ። ልጅቷን በአገጩ አሳየኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ አንድ ብርጭቆ ሻይ ወደ እኔ ገፋ አደረገልኝ። ቀዝቅዟል፤ ካመጣው ቆይቷል ማለት ነው።

ያኔ ነው አውሮፕላኑ ትዝ ያለኝ። አረብኛዬ ትንሽ ነው። «መጣር! ጂዳ! አስር!» አልኩት። መጣር አውሮፕላን ማረፊያ ነው። አፌን ሳልዘጋ የአስር አዛን አለ። ሽማግሌው ፀሐዩን አየ፣ እኔን አየ፣ «ያላ!» ብሎ ብድግ አለ።

በአሮጌ ፒካፑ ወደ ዛፉ ስንደርስ ዘይነባ አስፋልቱ ዳር ቆማ ታለቅሳለች። ለካ የባሕሩን ዳር እየሮጠች ስትፈልገን ቆይታለች። መኪናው ውስጥ ስታየን እየሮጠች መጣች። ገብታ ሐያትን ነጥቃ አቀፈቻት። እንባዋ ሳይደርቅ፣ «እህ፣ ሰርጉ አለቀ?» አለችኝ።

የት እንደነበርን ስነግራት ሽማግሌውን በአረብኛ ጠየቀችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። «እማ፣ ማንም የማይኖርበት ቤት ነው እኮ። የድሮ ሰው እንዴት ይኖር እንደነበር ለጎብኚ የሚያሳዩበት ነው።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሌለች ሴት ውሃ ቀድታ እስክትመለስ ስጠብቅ ነበር የዋልኩት። ሽማግሌው የግቢው ጠባቂ ነው፤ ስሙ አቡ ያሕያ ይባላል። ዙህር ሊሰግድ ሄዶ ነው በሩ ክፍት የቆየው።

«ለምን አልቀሰቀስካቸውም በዪው» አልኳት። እሱም መሪውን እንደያዘ መለሰላት፤ እሷ ተረጎመችልኝ። የሱም መንደር ድንበር ላይ ነበር፤ በጦርነቱ ምክንያት ለቀው ወጥተዋል። «የኔም የልጅ ልጆች ከወጣን ወዲህ አይተኙም። ይቺን ተኝታ ሳያት እጄ ልቀስቅስ አልል አለኝ» አለ።

አውሮፕላን ማረፊያው ስንደርስ የደሴዋ ሴት ሻንጣችንን አቅፋ በር ላይ ቆማለች። የእኛ መስኮት ሊዘጋ ነው። ሠራተኛው ሰዓቱን እያሳየ «ኸላስ» አለን፤ አበቃ ማለቱ ነው። አቡ ያሕያ ከዘራውን ይዞ ወደ ፊት አለፈ። ምን እንዳለ ኋላ ነው ዘይነባ የነገረችኝ። «እንግዶቼ ናቸው። ያስረፈድኳቸው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው» ነው ያለው። ሠራተኛው አንድ ጊዜ ሽማግሌውን፣ አንድ ጊዜ ልጅቷን አየ። ከዚያ ፓስፖርታችንን ተቀበለ።

ከዘይነባ ጋር ስንላቀስ፣ ሐያትን ከእቅፏ ስወስድ፣ ስንጣደፍ፣ አቡ ያሕያን በወጉ ሳላመሰግነው ቀረሁ። ዞር ስል በሩ ጋ ቆሟል። ሁለት እጄን ዘርግቼ ዱዓ አደረግኩለት። እሱም እጁን ደረቱ ላይ አደረገ። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።

አሁን ዘይነባም ባሏም አገራቸው ገብተዋል። ሐያት አድጋ ትምህርት ቤት ትሄዳለች። እንቅልፏማ፣ አልሐምዱሊላህ፣ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት፣ እሷን መቀስቀስ ራሱን የቻለ ሥራ ነው።

ባለፈው ሰሞን የተወለድኩበትን አገር ላሳይሽ ብላ ስልኳን ይዛ አጠገቤ ተቀመጠች። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ያለውን ነገር ያዩ ሰዎች አስተያየት ይጽፋሉ፤ ስልኩ ወደ አማርኛ ይገለብጠዋል። ስለ ምሽጉ አንዱ «ተዘግቶ አገኘሁት» ይላል። እኔም ብያለሁ አልኳት። ስለ ባሕሩ «ነፋሱ ጥሩ ነው፣ ድመት በዝቷል» ይላል። ከዚያ ወደ ጎጆ ቤቶቹ ደረሰች። ሁሉም ያመሰግናል። አንድ ሰው ብቻ በጣም ተቆጥቷል፤ የሰጠውም አንድ ኮከብ ብቻ ነው አለችኝ። እንዲህ ብላ አነበበችልኝ፦

«ዋናውን ቤት ሳናይ ተመለስን። ሽማግሌው ጠባቂ በሩ ላይ ተቀምጦ የቤቱ ሰዎች ተኝተዋል ብሎ ከለከለን። ባዶ ቤት ውስጥ ማን ይተኛል? ሰበብ ነው።»

ፎቶም አብሮ አለ። ከሩቅ የተነሳ ነው። ጎጆው፣ በሩ ላይ የተቀመጠ ሽማግሌ፣ የተጋደመ ከዘራ። ሐያት ፎቶውን በጣቷ አሰፋችልኝ። ከሽማግሌው እግር አጠገብ ማሰሪያው በቢጫ ክር የተሰፋ የፕላስቲክ ጫማ አለ። ክሩን የሰፋሁት እኔ ነኝ። ከጎኑ የልጅ ጫማ አለ፣ መዳፍ የማትሞላ።

ዘይነባን ጠርተን አሳየናት። ሦስታችንም ሳቅን፣ ከዚያ እኔ አለቀስኩ። ስንቱን ሰው ከዚያ በር እንደመለሰ አላውቅም ነበር። እኔ ባለቤቷን ስጠብቅ እሱ እኛን ባለቤት አድርጎ ቆጥሮን ነበር። በሕይወት ካለ አላህ ዕድሜውን ያርዝምለት፤ ካለፈም ማረፊያውን ጀነት ያድርግለት። የልጅ ልጆቹም እንቅልፍ አግኝተው ይሆናል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

«አያዬ፣ እኛም መጻፍ እንችላለን» አለችኝ ሐያት። «ከተቆጣው ሰውዬ ሥር ምን ብዬ ልጻፍልሽ?»

«ሽማግሌው እውነቱን ነው፤ ተኝተን ነበር ብለሽ ጻፊለት» አልኳት።