በገና ጨዋታ የለወጥሁት ሰው

ዓመቱን በትክክል ንገረን ብትሉኝ አልችልም። አባቴ ከሞተ በኋላ መሆኑን አውቃለሁ፤ ታላቋ እህቴ ሳትዳር መሆኑንም አውቃለሁ። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ካሉት ገናዎች አንደኛው ነው። ዳጉሳው እጅግ ያማረበት፣ ብርዱም የዚያኑ ያህል የጠናበት ዓመት ነበር፤ ጧት ጧት ጣታችን ዱላ አልይዝ ይለን እንደነበር አስታውሳለሁ።

ነገሩን ያስታወሰችኝ የልጅ ልጄ ቤዛ ናት። አሁን የምኖረው ፍኖተ ሰላም፣ ከእናቷ ቤት ነው። ቅዳሜ ከሰዓት እኔ በረንዳው ላይ ተቀምጬ ባጃጁንና ጋሪውን ስቆጥር፣ እሷ ከመሥሪያ ቤት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠችና ስልኳን አወጣች።

"አባባ፣ እስቲ አንድ ነገር ይፍረዱኝ።"

"ማንና ማን ተጣላ?"

"የተጣላስ የለም። ሰው ልለውጥ ነው።"

አስረዳችኝ። ከትምህርት ቤት ጓደኞቿ ጋር ሆነው የፈረንጅ ኳስ ተጫዋቾችን ስም እየመረጡ በስልካቸው ላይ ቡድን ያቆማሉ። ያ ፈረንጅ በእውነተኛው ሜዳ ደህና ሲጫወት፣ እዚህ ለመረጠው ሰው ነጥብ ይቆጠርለታል። አንዷ የያዘችውን ሌላዋ አትይዝም፤ የፈለገች ግን ከጓደኛዋ ጋር ተስማምታ ትለዋወጣለች።

"ይኼ ተከላካይ ነው" አለች፣ ፎቶውን እያሳየችኝ። "በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ያመጣል፤ አንድም ቀን ቀርቶብኝ አያውቅም። ጓደኛዬ ደግሞ ይኼን አጥቂ ልስጥሽና እሱን ስጪኝ ትላለች። አጥቂው ሦስት ጨዋታ ተከታትሎ አግብቷል።"

"ታዲያ ጓደኛሽ ለምን ትለቀዋለች?"

"እኔንም የገረመኝ እሱ ነው።"

እኔ ግን አልገረመኝም። ይህችን ነገር አንድ ጊዜ አይቻታለሁና።

አገሬ ከማንኩሳ ገበያ የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር እንባባላለን፤ መካከላችን ጥጉ ላይ ዋርካ የቆመበት ሰፊ መስክ አለ። በገና ቀን፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተበልቶ ተጠጥቶ፣ ወንዱ ሁሉ ቆልማማ ዱላውን ይዞ እዚያ ይወርዳል። ከእንጨት የተድቦለቦለችውን እሩር እየመታ ከባላጋራው ድንበር ያሳለፈ ይረታል።

ሽማግሌዎቻችን አንድ ሥርዓት ነበራቸው። አንዱ ሰፈር በየዓመቱ እየረታ ጨዋታው ጠብ እንዳይሆን፣ መሪዎቹ አስቀድመው አንድ አንድ ሰው ይለዋወጣሉ። መሪው የሚሰጠውን ሰው እጁን ይዞ እስከ መስኩ መካከል ወስዶ ያስረክባል፤ ፀሐይ ስትጠልቅም ያው መሪ ሄዶ፣ እጁን ይዞ ወደ ሰፈሩ ይመልሰዋል። ልጆች ሳለን ማስረከቡን ተጋፍተን እናይ ነበር። መመለሱን ግን ያየነው እንጃ፤ በዚያን ሰዓት እኛ ወደ ዳቦው ሮጠናል።

በዚያ ዓመት የላይ ሰፈር መሪ እኔ ሆንሁ። ሃያ ዓመት ቢሞላኝ ነው። እሩር ስመታ አርቄ እመታለሁ፤ መሪነት ይኼው ይመስለኝ ነበር።

አለኸኝ የሚባል አብሮ አደግ ነበረኝ። መቀናጆዬም ነው። እኔ አንድ በሬ አለኝ፣ እሱ አንድ በሬ አለው፤ የእኔን ቦራና የእሱን ዳልቻ ባንድ ቀንበር ጠምደን፣ አንድ ቀን የእኔን ማሳ አንድ ቀን የእሱን እናርስ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እናቴና ሁለት እህቶቼ የሚበሉት ከዚያች ቀንበር ነው። አንድ በሬ ብቻውን ሥጋ ነው እንጂ እርሻ አይደለም።

በጨዋታ በኩል ግን አለኸኝን የሚፈልገው አልነበረም። በአዘቦት ቀን ስንጫወት እኩል ነን የሚሉ ሁለት ሰዎች ጥንድ ሆነው ይመጣሉ፤ መሪዎቹ አንድ አንዱን ይወስዳሉ። የሰው ዋጋ የሚታወቀው ከማን ጋር እንደቆመ በማየት ነበር። አለኸኝ አቻ አጥቶ ሁልጊዜ መጨረሻ ይቀራል። ከሯጮቹ ጋር እንዳይቆም እግሩ ከባድ ነው። ከደካሞቹ ጋር እንዳይቆም ደካሞቹ ራሳቸው "ኧረ ይኼ የእኛ እኩያ አይደለም" ይላሉ። ለምን እንዲህ እንደሚሉ አንድ ቀን እንኳ ቆሜ አልጠየቅሁም።

የታች ሰፈሩ መሪ አያ ጎበዜ የሚባል፣ ከእኛ በዕድሜ ከፍ ያለ፣ ንግግሩ አሽሙር የሆነ ሰው ነበር። እሱ ዘንድ አንድ ልጅ እግር አለ፣ ሲሮጥ ንፋስ ነው። ሁላችንም ፈረሱ እንለዋለን።

"አያ ጎበዜ፣ ፈረሱን ይሰጡኛል?" አልሁት። የምቀልድ መስዬ ነው።

"ውሰደዋ!"

"በምትኩስ?"

"እኔማ ምን አማርጣለሁ። ያን ዋርካውን ተደግፎ ጭራሮ የሚያላምጠውን ስጠኝ።"

ዋርካውን የተደገፈው አለኸኝ ነው። የእኔ ሰዎች ሳቁ። "ታች ሰፈርን ጠላው ከጧቱ ይዟታል" አለ አንዱ።

አለኸኝን እጁን ይዤ ወሰድሁት። መንገድ ላይ፣ "ካሳ፣ አስበህበታል?" አለኝ።

"ላንዲት ጀንበር ነው። ምን ያስፈራሃል?"

"እኔማ ምን ያስፈራኛል" አለና ጭራሮውን ተፋ።

ጨዋታው እንደተጀመረ ፈረሱ ሮጠ። ወይ መሮጥ! ግን እሩሯን የሚያደርስለት ጠፋ። የእኛ ሰዎች ለዘገየ ሰው መስጠት ለምደዋል፤ እሱ ሲያልፋቸው እነሱ ኋላው ይመታሉ። እኔ ደግሞ እሩሯን በመታሁ ቁጥር የምትወድቅበት ቦታ ላይ አንድ ሰው ቆሞ አገኛለሁ። አይሮጥም። አስቀድሞ እዚያ ነው። በቀኝ ሳስመስል በግራ እንደምመታ፣ ሲደክመኝ ወደ ዋርካው እንደማዘነብል፣ አለኸኝ ሁሉን ያውቃል። ለካ እስከዚያን ቀን ድረስ ኋላዬን ዞሬ የማላየው እሱ ስላለ ኖሯል።

ሦስት ጊዜ አሳለፉብን። ታች ሰፈር ወዲያው ግጥም ገጠመ፤

ላይ ሰፈር ገበያ ወጣ ሰው ሊሸጥ፣
በሬ አስረክቦ ፈረስ ሊለውጥ።

በገና ጨዋታ አይቆጡም ይባላል፤ እኔ ግን ተቆጣሁ። ፈረሱን በሰው ፊት "ፈረስ መስለኸኝ፣ በቅሎ ሆነህ ቀረህ!" ብዬ ሰደብሁትና፣ ዱላዬን ወርውሬ ጀንበር ሳትጠልቅ ወደ ቤቴ ወጣሁ። እናቴ ዳቦ ቆርሳ ብትሰጠኝ አልወርድልህ አለኝ። አለኸኝ ትዝም አላለኝ። ያሰብሁት ስለ ግጥሙ ነበር።

ጥር በሠርግ አለቀ። የካቲት መጣ። አለኸኝ ወደ ቤታችን ብቅ አላለም፤ ሥራ በዝቶበት ነው አልሁ። መጋቢት ላይ ዝናብ ጠብ ጠብ ሲል፣ በርበሬና በቆሎ የሚዘራበትን መሬት መገመስ ሲደርስ፣ እሱ ቤት ሄድሁ።

ከበሩ ላይ ተነሥቶ ተቀበለኝ። "ይግቡ እንጂ። አረፍ ይበሉ" አለኝ።

አብሮ አደጌ አንቱ አለኝ። እንደዚያ ያለ ዱላ ቀምሼ አላውቅም።

"ተው እንጂ አለኸኝ። በሬዎቹን መቼ እንጠምድ ልልህ ነው የመጣሁ።"

"ዳልቻ ዘንድሮ ታች ሰፈር ነው የሚጠመድ። እኔስ የታች ሰፈር ሰው አይደለሁ? ያስረከቡኝ እርስዎ ነዎት።"

"ጨዋታ እኮ ነው! ስለለወጥሁህ ነው እንዲህ የምትሆን?"

"ጨዋታማ ደግ ነው" አለና ቆሎ አቀረበልኝ።

አገሩ ሁሉ ተቀናጅቶ አልቋል። በሬ የተረፈው ሰው የለም። በዶማ ልቆፍር ተነሣሁ። ሳምንት ቆፍሬ ያለማሁት ለአንድ የጎመን መደብ ቢበቃ ነው። ቦራ አጥሩ ሥር ቆሞ እያመነዠከ ያየኛል። እናቴ ሽሮውን እያቀጠነች መሥራት ጀመረች። ያኔ ገባኝ፤ ዘንድሮ ካልታረሰ ከርሞ የሚበላ የለም።

አንድ ቀን ከማንኩሳ ገበያ ስመለስ፣ አቧራው ላይ ከኋላዬ አንድ ሰው ደረሰብኝ። ፈረሱ ነው። አንገቴን ደፋሁ፤ ስድቤን አልረሳሁትም። እሱ ግን እርምጃውን ከእኔ ጋር አስተካከለ።

"አያ ካሳ፣ በዶማ ነው አሉ የሚቆፍሩ።"

"አዎ። መቀናጆዬ ስለለወጥሁት ተቀይሞኛል።"

"ስለለወጡትማ አይደለም።"

"ታዲያ?"

"የዚያን ለት ጀንበር ጠልቃ ሰው ሲበተን እሱ እመስኩ መካከል ቆሞ ይጠብቅዎት ነበር። አያ ጎበዜ 'ይመጣል፣ ልጅ ስለሆነ ተናዶ ነው' ይላል። እስኪጨልም ቆመ። በመጨረሻ ብቻውን ሄደ። ልጆቹም 'ባለቤቱ የረሳው በሬ' እያሉ እስከ ደጁ ሸኙት።" ቀጥሎም፣ "እንዴት አወቅህ አይሉኝም? ያስረከበኝ አያ ጎበዜ እኔንም ሊመልሰኝ ሲፈልገኝ እኔ እርስዎን ፍለጋ እመንገድ ላይ ነበርሁ። አልደረስሁብዎትምና ተመልሼ ሁሉንም አየሁ። ፈረስ ሳይሆን በቅሎ ነኛ!"

ሳቀ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

"አሁን ምን ላድርግ?"

"ምን ያደርጋሉ፤ ሂደው ይመልሱት እንጂ! ጀንበሯ እንደሁ በየቀኑ ትጠልቃለች።"

ያንኑ ዕለት ወሰደኝ። ሰው ከገበያ የሚመለስበት ሰዓት ነው፤ መንገዱ ሙሉ ነበር። አለኸኝ የአያ ጎበዜን ማሳ ሲያርስ ውሎ በሬዎቹን እየፈታ ደረስን። ፈረሱ ከሩቅ "አያ ጎበዜ! የገናውን ሰው ሊመልስ መጥቷል!" ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ። አያ ጎበዜ ሞፈሩን ተደግፎ፣ "በእኛ አገር ጀንበር የምትጠልቀው በመጋቢት ሆነ እንዴ?" አለ። የሳቀው ሳቀ። ጆሮዬ ጋለ። ሄጄ የአለኸኝን እጅ ያዝሁ።

"ዘገየሁ" አልሁት።

እጁን አልሰጠኝም፣ አልነጠቀኝምም። መስኩን አቋርጠን፣ ዋርካውን አልፈን፣ እጅ ለእጅ እንደያዝን ወደ ላይ ሰፈር ወጣን። ደጁ ስንደርስ መዳፌን ገልብጦ አየና፣ "ይኼን ያህል ውኃ እስኪቋጥር ቆፈርህ? አንተ እኮ ዶማ አያያዝ አታውቅም" አለኝ። አንተ አለኝ። ለአያ ጎበዜ የገባለትን ሦስት ቀን አርሶ ጨረሰና፣ በአራተኛው ቀን ማለዳ ዳልቻን እየነዳ መጣ። ከዚያ ወዲያ ሁለታችንም የየራሳችን ጥማድ እስክንገዛ ድረስ አልተለያየንም።

አለኸኝ ካረፈ ጥቂት ዓመት ሆነው። ለቤዛ ይህን ሁሉ ስነግራት ስልኳ ጭኗ ላይ መብራቱ ጠፍቶ ነበር።

"ታዲያ ተከላካዬን ልለውጠው ወይስ ይቅር?" አለች።

"እኔ ምኑን አውቄው፣ ልጄ። ብቻ ጓደኛሽ ምን አይታበት እንደፈለገችው እወቂ። የያዝሽውን ሰው ዋጋ አንዳንዴ ከአንቺ ይልቅ ባላጋራሽ ነው የሚያውቀው።"

"እነዚህ እኮ መለወጣቸውንም አያውቁት፣ አባባ።"

"እሱ ነው ደጉ። መመለስ የለብሽም።"

ሳቀችና ስልኳን አንሥታ አንድ ነገር ነካካች። ትለውጠው ትተወው አልነገረችኝም፤ እኔም አልጠየቅሁ። ቆይታ ግን፣ "የፈረሱ ስም ማን ነበር?" አለችኝ።

እኔ ይህን የጠየቅሁት ለካ ዘግይቼ ነው። ከሰፈሬ ሰው በላይ ስመኘው የኖርሁትን፣ ለምኜ የወሰድሁትን፣ ሲሸነፍም በሰው ፊት የሰደብሁትን ልጅ በስሙ ጠርቼው አላውቅም ነበር። ሩጫውን እንጂ ስሙን ማን ፈለገው! የጠየቅሁት ያን ዕለት ማታ፣ አለኸኝን ከቤቱ አድርሼ እሱን ፍለጋ ወደ መስኩ ስወርድ፣ ዋርካው ሥር ተቀምጦ ሲጠብቀኝ አግኝቼው ነው። እሱንም እጁን ይዤ እስከ ታች ሰፈር መለስሁት።

ጥሩነህ ነበር ስሙ።