«አላገኘሁም» ያሉት ዶክተር ታፈሰ

ዶክተር ታፈሰ እዚህ ባሕር ማዶ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። በቀብራቸው ዕለት በተነበበው የሕይወት ታሪክ ላይም «ዓለም አይቶት የማያውቀውን የቅንጣት ለውጥ ያገኙ ታላቅ ኢትዮጵያዊ» ሲባሉ ሰምታችኋል። አላገኙም። ብዕር ያነሣሁት ሐዘኔን ልገልጽ ነበር፤ ንዴቴ ቀደመኝ።

ሥራቸው ምን እንደነበር በአጭሩ ልናገር። ኤሌክትሮንን ሁላችንም በትምህርት ቤት እናውቀዋለን። ሁለት ታላላቅ ወንድሞች አሉት፤ ጠባያቸው አንድ ነው፣ ክብደታቸው ብቻ ይለያል። መካከለኛው ሙዎን ይባላል፤ ዕድሜው እጅግ አጭር ነው፣ ሲያልቅም ወደ ኤሌክትሮን ይለወጣል። ሲለወጥ ሁልጊዜ ኒውትሪኖ የሚባሉ ሁለት ረቂቅ ቅንጣቶች አብረው ይወጣሉ። ያለ እነሱ፣ ብርሃን ብቻ ፈንጥቆ ሲለወጥ ያየው የለም። አሁን ብዙ የሚወራለት ሱፐርሲሜትሪ የሚባል ሐሳብ ግን እያንዳንዱ ቅንጣት ያልታየ ከባድ ጓደኛ አለው ይላል። ጓደኞቹ ካሉና እርስ በርስ ከተቀላቀሉ፣ ያ ያልታየው ለውጥ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ታፈሰ ያሰሉ የነበሩት በምን ያህል ጊዜ አንዴ ሊሆን እንደሚችል ነው። አለመታየቱስ ስለ ስውሮቹ ጓደኞች ምን ይነግረናል? ጥያቄያቸው ይኸው ነበር።

ትዕግሥት የሚያስጨርስ ሥራ ነው፤ የእኔን ጨርሶታል። ለውጡን በመሣሪያ የሚፈልጉት የሙከራ ሰዎች እንደገና ፈልገው ማጣታቸው በተሰማበት ሰሞን አዳምስ ሞርጋን ሰፈር አንድ ምግብ ቤት ተቀምጠን፣ እሳቸው የጠረጴዛውን ወረቀት በእርሳስ ሞልተውታል።

«ዘንድሮም የለም ማለት ነው» አልኳቸው።

«አንተ ደግሞ! ‹የለም› እና ‹አልታየም› አንድ ነው እንዴ? ወይ ጓደኞቹ እጅግ ከባድ ናቸው፣ ወይ ክብደታቸው በጣም ተቀራርቦ ውጤታቸው እርስ በርስ ይጣፋል። ይኼ ትንሽ ነገር ነው?»

«ለዚህ ነው ዕድሜዎን የሚፈጁት?»

«ለምን ልፍጀው ኖሯል? ከአንተ ጋር ለመከራከር?» አሉና ከእኔ በኩል የነበረውን ጥብስ ጠቅልለው ጎረሱት።

ጣጣው የተጀመረው እዚሁ ጎረቤት ከተማ አሌክሳንድሪያ፣ በእንቁጣጣሽ ዝግጅት ላይ ነው። የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን ሊቀመንበር አቶ ግርማ «አዲስ ነገር ያገኙ ሊቃችን!» ብለው ወደ መድረክ ጠሯቸው። ዶክተር ማይኩን ተቀብለው «ይቅርታ፣ ምንም አላገኘሁም። ፈልጌ ያጣሁ ሰው ነኝ» አሉ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። «የምሬን ነው» ሲሉ ጭብጨባው ባሰ። አጠገቤ የነበሩ እናት «እንዲህ ነው የተማረ ሰው! ትሕትናቸውን አያችሁልኝ?» ብለው እንባቸውን ጠረጉ። ከዚያ ወዲህ ባስተባበሉ ቁጥር ግኝታቸው ሲገዝፍ ኖረ። ሌላው ዓለም «አላደረግሁም» የሚለውን ሰው ያምነዋል ወይም ይጠረጥረዋል፤ እኛ እንመርቀዋለን።

እውነት መናገር ለዶክተር ታፈሰ ደግነት ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት በቤተ ክርስቲያን ምድር ቤት ለመጤዎች ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ሆቴል እያጸዳች ለነርስነት ፈተና የምታጠናው ወርቅነሽ አንድ ቀን «ዶክተር፣ አልፋለሁ አይደል?» አለቻቸው።

«አታልፊም። ገና ነሽ።»

«ኧረ በማርያም! ሰው እኮ ‹አይዞሽ› ይላል።»

«አይዞሽ። ግን አታልፊም። ቅዳሜ ነይ።»

መጣች፤ ብዙ ቅዳሜ መጣች። ዝግጁ ስትሆን በራሳቸው መኪና ወስደው፣ ተፈትና እስክትወጣ ፓርኪንግ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቋት። ነርስ ሆነች። ዶክተር ታመው በተኙባቸው በመጨረሻዎቹ ወራት ከሥራ ስትወጣ እየመጣች ታያቸው ነበር። «እድናለሁ?» ብለው ጠየቋት። «አይመስለኝም፣ ዶክተር። ነገም እመጣለሁ» አለቻቸው። እጇን ይዘው ሳቁ።

እንግዲህ እንዲህ ላለ ሰው ነው ያን ታሪክ የጻፉላቸው። ረቂቁን ለቅሶ ቤት አይቼው አቶ ግርማን ወደ ጓዳ ጠራኋቸው።

«ይኼ ዐረፍተ ነገር ይውጣ፣ ውሸት ነው።»

«ወንድሜ፣ ለቅሶ ቤት ውስጥ ውሸት ምናምን አይባልም።»

«ራሳቸው አላገኘሁም ብለዋል እኮ!»

«እሱማ ትሕትናቸው ነው! ደግሞ ፕሮግራሙ ፕሪንት ተደርጓል።»

ተነበበ። መቃብሩ አጠገብ ወርቅነሽ እጅጌዬን ጎተተችኝና «ይኼ የማን ታሪክ ነው?» አለችኝ።

አሁን ደግሞ ማኅበሩ ያንኑ ዐረፍተ ነገር በመቃብር ድንጋያቸው ላይ ሊያስቀርጸው ነው። ወረቀት ይጣላል፤ ድንጋይ ግን የልጅ ልጆቻችን ያነቡታል። ባለቤታቸው ወይዘሮ ሶስና እንዲህ ብለውኛል፦ «ታፈሰ ጨው ሲበዛ ጨው በዝቷል እያለኝ የኖረ ሰው ነው። ውሸት ደረቱ ላይ ጭኜ አላስተኛውም። ስሙን፣ ከሥሩም ‹ሲፈልግ ኖረ› ብላችሁ ጻፉልኝ።» አቶ ግርማ ደንግጠው «እትዬ፣ እንደዚያ ካልን አጥተው ሞቱ ማለት አይሆንም?» ቢሏቸው «አዎ፣ አጥቶ ሞተ» አሏቸው።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ማኅበሩ ይሰበሰባል። የምታነቡ ሁሉ ኑና ከወይዘሮ ሶስና ጎን ቁሙ። እባካችሁ ደግሞ አታጨብጭቡ። ይህን ጽሑፍም ትሕትና ነው እንዳትሉ፤ የሚያውቀኝ ያውቀኛል።

ዶክተር፣ ከእርስዎ ጋር የተስማማሁበት ቀን ጥቂት ነው። ያን ሁሉ ዓመት በአንድ ጥያቄ ላይ መቀመጥዎን ዛሬም አልወደድኩልዎትም። አንድ ቀን ሌላ ሰው እርስዎ ሲፈልጉት የኖሩትን ቢያይ፣ በሰው ግኝት እንደ ልጅ ይቦርቁ ነበር፤ ይህንን ሳስብ ደግሞ ያናድዱኛል። ያን ቀን ሳያዩ መሄድዎ ከሁሉ ይበልጥ ቆጭቶኛል። እርስዎ በሰላም ይረፉ። እኔ እሑድ ስጣላ እውላለሁ።